አጎትሽ ስለተዉልሽ ባለ10 ማርክ የብር ሳንቲም

ሰላም እህታችን። ፍራንክፈርት የነበሩት አጎትሽ ከተዉት ዕቃ ውስጥ በአንድ በኩል ንስር፣ በሌላ በኩል የሰው ምስሎች ያሉበት እ.ኤ.አ. የ2001 ባለ10 ማርክ (ማርክ ከዩሮ በፊት የነበረው የጀርመን ገንዘብ ነው) አግኝተሽ አራት ነገር ጠይቀሻል፦ ሰዎቹ እነማን ናቸው፣ እውነተኛ ብር ነው ወይ፣ ስለጠቆረ በምን ላጽዳው፣ ባንክ ልመልሰው ወይስ ልሽጠው። መልሱን ከመጀመሬ በፊት ሎሚውንም፣ አመዱንም፣ የጥርስ ሳሙናውንም ከአጠገብሽ አርቂ። ሰብሳቢ ከብሩ ዋጋ በላይ የሚከፍለው ላልተነካ ገጽ ነው፤ አንዴ ከተፈተገ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

ሳንቲሙ የወጣው ለጀርመን ፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1951 ካርልስሩሄ ከተማ ሥራ ጀመረ። ሴኔት በሚባሉ ሁለት ችሎቶች የተከፈለ ሲሆን በእያንዳንዱ 8 ዳኞች ይቀመጣሉ። በእኛ አገር ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን ለዚሁ ብቻ የቆመ ፍርድ ቤት አለ፣ ፓርላማ ያጸደቀውን ሕግ እንኳ ሊሽር ይችላል። ምስሎቹ የማንም ዳኛ መልክ አይደሉም፤ ሐሳብን በሰው አካል የሚያሳዩ ተምሳሌቶች ናቸው። በአውሮፓ ልማድ ፍትሕ በሴት ትመሰላለች። ሚዛን ስትይዝ ግራ ቀኙን ማመዛዘንን፣ ሰይፍ ስትይዝ የፍርድን አስገዳጅነት፣ ዓይኗ ሲሸፈን አለማዳላትን ያሳያል።

አሁን አጉሊ መነጽር ያዢና አንዲት ትንሽ የላቲን ፊደል ፈልጊ። ሳንቲሙ የት እንደተመታ የምትነግርሽ እሷ ናት፦ ኤ በርሊን፣ ዲ ሙኒክ፣ ኤፍ ሽቱትጋርት፣ ጂ ካርልስሩሄ፣ ጄ ሃምቡርግ። ጂ ከሆነ የተመታው ፍርድ ቤቱ በሚያስችልበት በዚያው ከተማ ነው። ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው፤ ብቻውን ግን ሳንቲሙን ብርቅ አያደርገውም።

ብርነቱን ለማረጋገጥ ሁለት ቁጥር ያዢ። ክብደቱ 15.5 ግራም፣ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 32.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ጥራቱ 925 (ከሺህ 925 እጁ ብር) ስለሆነ ውስጡ 14.34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1998 በፊት የወጡት ባለ10 ማርክ የመታሰቢያ ሳንቲሞች በመጠንም በክብደትም ከዚህኛው ጋር እኩል ናቸው፤ ጥራታቸው ግን 625 ነው፣ ንጹሕ ብራቸውም 9.69 ግራም ብቻ። ስለዚህ አጎትሽ ሌሎችም ካስቀመጡ በየዓመታቸው ለያቸው እንጂ ደባልቀሽ አትሽጪ።

ብዙ ሰው በማግኔት ብቻ ይረካል። ማግኔት ከያዘው ብር አይደለም፤ ይህ ትክክል ነው። ካልያዘው ግን ብር ነው ማለት አይደለም፣ የመዳብና የኒኬል ቅይጥንም ማግኔት አይስበውም። የውኃው ሙከራ ይበልጣል። እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛን ላይ የተጣራ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጪና ንባቡን ወደ ዜሮ መልሺ። ከዚያ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረሽ ሙሉ በሙሉ አስጥሚው፤ ታችንም ጎንንም እንዳይነካ፣ የአየር አረፋም እንዳይለጠፍበት። ሚዛኑ 1.50 ግራም አካባቢ ካሳየ የ925 ብር እፍጋት ነው። 1.74 ካሳየ መዳብና ኒኬል መሆኑን ጠርጥሪ። ይህን የምታደርጊው ግን ሳንቲሙ ተራ አመታት ከሆነ ብቻ ነው። መደቡ እንደ መስታወት ፊትሽን የሚያሳይ፣ ምስሎቹ ደግሞ እንደ ውርጭ የነጡ ከሆኑ የመስታወት አመታት ነውና ክርም ውኃም አይንካው፤ ክብደቱና ስፋቱ ይበቃል። በፕላስቲክ የታሸገ ከሆነም እሽጉን አትክፈቺው።

ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ፊደሎቹ ጥርት ያሉ መሆን አለባቸው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ሳንቲም ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ነው። በተራው አመታት ጽሑፉ ወደ ንስሩም ወደ ምስሎቹም ሊዞር ይችላል። የጠርዙ ጽሑፍ የሚቀረጸው የሳንቲሙ ገጾች ከመመታታቸው በፊት ስለሆነ ነው። «የተገለበጠ ብርቅ» ብሎ የሚያስወድድብሽን አትስሚ።

ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ ብር በአየር ውስጥ ካለ ሰልፈር ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ስስ ሽፋን ነው። ማርትሬዛ ብር ገበያ ለገበያ የዞረ ገንዘብ ስለሆነ ጭረቱን ሁሉም ይቀበለዋል። ይህኛው ግን የተመታው ለማስቀመጥ ነው። በጨርቅ ቢፈተግ ፀጉር የመሳሰሉ ጭረቶች ይወጡበታል። በአንድ አምፖል ሥር ሲያዘነብሉት ይታያሉ፣ ገዢውም መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው። የብር ማጽጃ ፈሳሽም ጥቁሩን የሚያነሳው ከላይኛው ብር ጋር ነው፤ ሲደጋገም አብረቅራቂው ይሞታል። ስለዚህ ጥቁረቱን ተዪው። አረንጓዴና የሚያጣብቅ ነገር ካየሽ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ፒቪሲ ከሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት የወጣ ነውና ብሩን እየበላ ይሄዳል። ንጹሕ አሴቶን በብርጭቆ ሳህን ቅጂ (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ዘይትና ሽቶ አለበት)፣ ሳንቲሙን ለጥቂት ደቂቃ ንከሪ፣ በአዲስ አሴቶን አለቅልቂ፣ ሳትጠርጊ በአየር ይድረቅ። መስኮት ክፈቺ፣ እሳትም አይቅረብ።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ዶይቸ ቡንደስባንክ ማርክን ያለ ጊዜ ገደብ አንድ ዩሮ በ1.95583 ማርክ ሒሳብ ስለሚመነዝር 10 ማርኩ 5.11 ዩሮ ይሆናል። ይህ ወለሉ ነው። የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ በ14.34 አባዢ፤ ግራሙ ከ0.36 ዩሮ በላይ ከሆነ ባንክ መውሰዱ ኪሳራ ነው። ነጋዴ ትርፉን ስለሚቀንስ ከሁለት ሦስት ቦታ ጠይቂ። አዲስ አበባ ለወርቅ ቤት ብትወስጂው በግራም ተመዝኖ ለማቅለጥ ይገዛል እንጂ የገጹን ጥራት የሚከፍልሽ አይኖርም።

እስከዚያው በጠርዙ ብቻ ያዢው፣ ፊቱ ላይም አታውሪ፤ የምራቅ ነጠብጣብ ቆይቶ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ለ32.5 ሚሊ ሜትር የተሠራ ጠንካራ ካፕሱል (ክብ የሳንቲም መያዣ) ውስጥ አድርጊና እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ሱፍ ጨርቅ፣ የጎማ ላስቲክና ጋዜጣ አጠገቡ አይሁኑ፤ ሁሉም ሰልፈር ይለቃሉ። የሁለቱን ገጽ ፎቶ በመስኮት ብርሃን ያለ ፍላሽ አንስተሽ ጠርዙን ጨምረሽ ብትለጥፊልን የትኛው አመታት እንደሆነ እንለየዋለን።