ፍሪጃችሁ አልቀዘቅዝ ሲል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ፍሪጅ ስጠግን ዓመታት ተቆጥረዋል። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፍሪዘሩ ሥጋውን ድንጋይ ያደርገዋል፤ ታችኛው ክፍል ግን ወተት እንኳ አያቀዘቅዝም። ሠራተኛ ጠርቼ «ጋዝ አልቋል» አለኝ። ላስሞላ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትቸኩዪ። ጋዝ እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ፣ ካልፈሰሰ ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው። ፍሪዘሩ ሥጋ ድንጋይ ካደረገ በአብዛኛው ጋዙ አለ ማለት ነው። ፍሪጅሽ ኖ ፍሮስት (በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥ ዓይነት) ከሆነ ቅዝቃዜው የሚሠራው ከፍሪዘሩ የውስጥ ግድግዳ ጀርባ ነው፤ ወደ ታች የሚገፋው ደግሞ ፋን ነው። እዚያ የሚይዘውን በረዶ እየቆየ የሚያቀልጥ ሂተር አለ። እሱ ሲበላሽ በረዶው ተጋግሮ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። በቅርቡ አንድ ቤት ያንን ግድግዳ ስፈታው ቱቦው በበረዶ ተውጦ አይታይም ነበር፤ የፋኑ ምላስ በረዶውን እየመታ ይንጫጫል። ለዚያ ቤትም ጋዝ ሁለቴ ተሞልቷል!

ራስሽ ሞክሪው፦ ሶኬቱን ንቀዪ፣ ምግቡን አውጪ፣ ሁለቱንም በር ከፍተሽ 24 ሰዓት ተዪው። ውሃ ስለሚወርድ ጨርቅ አንጥፊ። መልሰሽ ስትሰኪው ታችኛው ጥቂት ቀን በደንብ ቀዝቅዞ እንደገና ከሞቀ፣ ችግሩ ሂተሩ፣ ሂተሩን በሰዓቱ የሚያበራው ታይመር ወይም ቅዝቃዜውን የሚለካው ሴንሰር ጋ ነው። ጋዙ በእርግጥ ጎድሎ ከተገኘም «የት ነው የፈሰሰው?» ብለሽ ጠይቂ። ቀዳዳው ሳይበየድ የሚሞላ ጋዝ ገንዘብሽን ይዞ ይወጣል።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞተሩ ጠቅ ብሎ ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ።

መልስ፦ ሞተሩ መነሳት አቅቶት መከላከያው እየቆረጠው ነው። ቶሎ ንቀለው፣ እንዲህ እየታገለ ከቆየ ይቃጠላል። መብራት እንደመጣ 10 ደቂቃ ጠብቀህ ሰካው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ነው። ቮልቱንም አስለካ። 220 መሆን የሚገባው ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ይወርዳል። ቮልቱ ደህና ሆኖ ጠቅታው ካልቆመ መጀመሪያ ሪሌው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ) ይታይ። ሪሌው ሳይፈተሽ «ሞተር ይቀየር» የሚልህን አትስማ። መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚያበራ ስታቢላይዘር (ቮልት የሚያስተካክል ዕቃ) ብትገዛ ደግሞ ከመንቀልና ከመሰካቱ ትገላገላለህ።

ጥያቄ፦ ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ ይጠራቀማል።

መልስ፦ ከኋላ ያለችው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ተደፍናለች። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ይግፉባት።

ጥያቄ፦ የተጋገረ በረዶ በቢላ ብፈነቅል ምን አለበት?

መልስ፦ እባክሽ ልጄ፣ እንዳታደርጊው። ለፋሲካ ዶሮ ማስገቢያ ቦታ ለማግኘት ሲሉ በቢላ የወጉ እናት ቤት ሄጄ አውቃለሁ፤ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብሳት ጋዙን በሙሉ አወጣችው። ከጀርባው «አር 600 ኤ» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ ጋዙ እሳት ይይዛል። ሽሽ የሚል ድምፅ ከሰማሽ መስኮት ክፈቺ፣ ክብሪት አትጫሪ፣ ማብሪያም አትንኪ። ለማቅለጥ ሶኬቱን ነቅለሽ የፈላ ውሃ በድስት ውስጥ አስቀምጪበት፤ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቤት ስንቀይር መኪና ላይ አጋድመን ጫንነው። አሁን እንሰካው?

መልስ፦ ገና ነው። የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ሄዶ ሊሆን ይችላል። አቁማችሁ አሳድሩትና ነገ ጠዋት ሰኩት።