«መከላከያ ገለልተኛ ነው» ማለት ስሕተት ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። «ሠራዊቱ ለዲሞክራሲ እድገት ምን ያግዛል?» ብዬ በፈተና ብጠይቅ አንዱ ተማሪ «ገለልተኛ በመሆን» ብሎ መለሰ። ሕገ መንግሥቱ «ተገዥ» ስለሚል ኤክስ አደረግኩበት። ልጁ ግን ሙጭጭ አለ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አብሽር መምህር፣ ግን ልጁን ማርክ ነፍገኸዋል።

ችግሩ «ገለልተኛ» ብቻውን መቆሙ ነው። ገለል የሚባለው ከአንድ ነገር ነው። ከምን እንደሆነ ካልተጻፈ አንዱ «ከፓርቲዎች» ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው «ምን አገባኝ» ባይ አድርጎ ይረዳዋል፤ አንተም የተረዳኸው እንደዚያ ይመስለኛል። የኛ የወሎ አበጋር (አስታራቂው ሽማግሌ) ከተጣሉት ሰዎች ገለል ይላል እንጂ ከእርቁ ገለል አይልም። ሠራዊቱም እንደዚያው ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 ሁለቱንም ይዟል። ሠራዊቱ ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ ይሆናል፤ ሥራውን ደግሞ ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ያከናውናል። «ለ» እና «ከ» ሥራቸውን ስለሚያውቁ አይጋጩም። የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን ያዛል፤ አዛዡ ሕዝብ የመረጠው መንግሥት ነው ለማለት ነው።

«ታዲያ ወታደር አይመርጥም ወይ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ይመርጣል እንጂ፣ በካምፕ ላሉት ልዩ ምርጫ ጣቢያ ይቋቋማል። ስለዚህ ድምፅ የሚሰጠውን «ወታደር» በለው፤ «ሠራዊቱ መረጠ» ካልክ ግን ተቋሙን እጩ አስያዝከው ማለት ነው። «ሠራዊቱ ዲሞክራሲን ይደግፋል» የሚለውንም አልወደውም፣ ድጋፍ ድጋፍ ሰልፍ ሰልፍ ይሸተኛል። «ይጠብቃል» ሲባልም እጠራጠራለሁ። ደርግ በ1967 መስከረም ሥልጣን ሲይዝ ራሱን «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር» ብሎ ነበር፤ ያ «ጊዜያዊ» 13 ዓመት ያህል ቆየ! የፖርቱጋል መኮንኖች በአንጻሩ አምባገነኑን መንግሥት ሚያዝያ 1966 ገልብጠው በዓመቱ ሕዝቡን ለምርጫ አሰለፉት፤ የውስጥ ሽኩቻ አልጠፋም፣ ምርጫው ግን ተካሄደ። እንዲህ ዓይነቱን «ለዲሞክራሲ መንገድ ከፈተ» ብትለኝ እስማማለሁ።

ልጁ «ከፓርቲዎች ገለልተኛ፣ ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ በመሆን» ብሎ ቢጽፍ ሙሉ ማርክ ነበር። አሁን ግማሹን ስጠው፣ «ከምን?» የሚለውን ደግሞ ጠርዙ ላይ በቀይ ጻፍለት። «ወገናዊነት» ወይስ «ወገንተኝነት» ብለህም ጠይቀህ ነበር፦ ሁለቱም ይሄዳሉ፣ የሕጉን ቃል ስትጠቅስ ብቻ የመጀመሪያውን ያዝ።