ፍየሎቹን ከመግዛትሽ በፊት አጥሩንና በረቱን ጨርሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቢሾፍቱ 300 ካሬ ግቢ አለሽ። የኋላው ግማሽ ባዶ ነው። ሁለት ሴት ፍየልና አንድ ወጠጤ ልትገዢ አስበሻል። የጠየቅሽው አጥሩን በእሾህ ሽቦ ልሥራ ወይስ በመረብ ሽቦ፣ ደግሞስ ፍየል ከሣር ሌላ ምን ያስፈልጋታል የሚል ነው። እኔ ያደግኩት አዳማ ዳር ፍየል በሚረባበት ግቢ ነው፣ ዛሬም አረባለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

እሾህ ሽቦውን ተይው። ለከብት ይሆናል፣ ለፍየል ግን አይሆንም። ፍየል ከሽቦው ማዶ ቅጠል ካየች እሾሁ አያቆማትም። አንገቷን አስገብታ፣ ሆዷን አሻሽታ ትወጣለች። ስትወጣም ጆሮዋን ትቀደዳለች፣ የምትታለብ ከሆነች ግቷን ትቆርጣለች። የቆሰለ ግት ደግሞ በቀላሉ አይድንም። ገንዘብሽን ከፍለሽ ቁስል ባትገዢ ይሻላል።

ፍየል አጥር እንዴት እንደምትፈትን አንድ ቀን ቆመሽ ብታዪ አሠራሩን ራሷ ታስተምርሻለች። መጀመሪያ በከንፈሯ ትዳስሳለች። የላላ ሽቦ ወይም የሚንቀሳቀስ እንጨት ካገኘች ትነካካዋለች። ቀጥላ የፊት እግሮቿን አንስታ አጥሩ ላይ ትቆማለች። ከዚያ ደረቷን ጭና ትገፋለች። መጨረሻ ላይ ከታች ክፍተት ትፈልጋለች፣ በተለይ ግልገሎቹ። ዘላ የምታመልጠው ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ ካቃታት በኋላ ነው። ስለዚህ ከቁመቱ በላይ የአጥሩ ጥብቀትና የታችኛው ክፍል ያሳስብሽ። ቁመቱ 1.20 ሜትር ከሆነ ለአብዛኞቹ ይበቃል፣ 1.40 ካደረግሽው ደግሞ ተኝተሽ ታድሪያለሽ።

አቅምሽ ከፈቀደ የመረብ ሽቦ ጥሩ ነው፣ ግን ቀዳዳውን ለክተሽ ግዢ። 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነው መረብ ቀንድ ላላት ፍየል ወጥመድ ነው። ጭንቅላቷ ይገባል፣ ሲመለስ ቀንዷ ይይዛታል። ሰው ቶሎ ካልደረሰላት ፀሐይ ላይ ስትታገል ትውላለች፣ ውሻ ካገኛት ደግሞ አበቃላት። 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ምረጪ። ቋሚዎቹን በየ2 ሜትሩ ትከዪ፣ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይቀበሩ። ሽቦው ከፍየሎቹ ወገን ይመታ፣ ሲገፉት ቋሚው ላይ ይደገፋል። ከውጭ ከመታሽው ግን ሚስማሩን ገፍተው ይነቅሉታል።

አቅም ከሌለ የባሕር ዛፍ አጣና በደንብ ይሠራል። እኔ አሁንም የምጠቀመው እሱን ነው። አጣናውን ቀጥ አድርጎ ጠጋ ጠጋ ማቆም ነው። ማገሩን ግን ከውጭ በኩል አስመቺው። ማገር በውስጥ ከሆነ ለፍየል መሰላል ሠራሽላት ማለት ነው። ብዙ አናጢ ግቢው ከውስጥ እንዲያምር ወይም ስለለመደው ብቻ ማገሩን ወደ ውስጥ ያደርገዋል፣ ቆመሽ አሠሪው። የእንጨቱን የታች ጫፍ ቀድመሽ በእሳት ለብለብ አድርጊው ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢው። ምስጥ ባለበት አገር ያልተቀባ እንጨት ብዙ አይቆይም። ዘይት የተቀባው ክፍል ግን ተቀብሮ ይቅር፣ ፍየሎቹ እንዳይልሱት።

ጎረቤትሽ ቅንጭብ ትከዪ እንዳለሽም ጽፈሻል። እውነት አለው፣ ርካሽ ነው፣ ፍየልም ብዙም አትደፍረውም። ግን ቶሎ አይደርስም፣ ከሥሩም ክፍተት ይበዛዋል። ወተቱም ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ልጆች ካሉሽ አስቢበት። ከዋናው አጥር ውጭ ለመደገፊያ ቢሆን ይሻላል።

ሌላው የሚረሳው በሩ ነው። ፍየል መቀርቀሪያ በከንፈሯ ትከፍታለች። ከውጭ የሚቆለፍ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አሠሪ። ከአጥሩ አጠገብ ደግሞ በርሜል፣ የድንጋይ ክምር፣ የተደረደረ ብሎኬት አይኑር። እነሱ ላይ ወጥታ ከተሻገረች ቁመቱ 2 ሜትር ቢሆንም አይረባሽም።

አሁን ወደ በረቱ። እኔን ብትጠይቂኝ ከአጥሩ ቀድሞ ገንዘብ የሚወጣበት እሱ ነው። የቀን አጥር ፍየሏን ከአትክልት ይጠብቃል፣ ከጅብ ግን አይጠብቃትም። የከተማ ዳር ጅብ ሰው አይፈራም፣ ከሥር ቆፍሮም ይገባል። ማታ የሚያድሩበት ቤት አራቱም ጎኑ የተዘጋ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ጠንካራ ይሁን። ወለሉን ከመሬት ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍ አድርገሽ በርብራብ ሥሪው። በእንጨቶቹ መካከል 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዪ። በጠጡ ይወድቃል፣ ሽንቱ ይፈሳል፣ የግልገል እግር ግን አይገባም። ለአንዲት ፍየል አንድ ካሬ ተኩል ያዢላት። ከግድግዳው የላይኛው ክፍል አየር ይግባ፣ ከሆዳቸው አካባቢ ግን ንፋስ አይግባ። እርጥብ ወለል ላይ የምታድር ፍየል ክረምቱን በሳልና በኮቴ በሽታ ታሳልፈዋለች። ከሥር የሚጠራቀመው ፍግ ደግሞ ለጎመንሽ ትልቅ ሀብት ነው።

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይባል የለ? ጠባይዋ ነው፣ ልትለውጪው አትችዪም። የጠገበች ፍየል ግን አጥር አትነካም ማለት ይቻላል። ፍየል እንደ በግ ሣር ብቻ አትወድም፣ የምትፈልገው ቅጠልና ቅርንጫፍ ነው። በአጥርሽ ዙሪያ ከውጭ በኩል ሰስፓኒያና ሉኪኒያ የሚባሉትን የመኖ ዛፎች ትከዪ። እየቆረጥሽ አስረሽ ከፍ አድርገሽ ስቀዪላቸው። መሬት ላይ የጣልሽውን ረግጠው ይተዉታል፣ ስለዚህ ግርግም ይኑርሽ። ድርቆሽ ሁልጊዜ አይጥፋ። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ጥቂት ጥቂት ብቻ፣ ለምታጠባዋ ትንሽ ጨምሪላት። አሞሌ ጨው አንጠልጥዪላቸው፣ ይልሱታል። ንጹሕ ውኃ በየቀኑ ያስፈልጋል። የተረፈ እንጀራ፣ ዳቦና ሊጥ በአንዴ በብዛት አትስጪ። ሆዳቸው ይነፋል፣ አንዳንዴም ይገድላል።

ግቢሽ ውስጥ አቮካዶ ካለ ቅጠሉን እንዳያገኙት አጥሪው፣ ልባቸውንና ግታቸውን ይጎዳል። የወፍ ቆሎ የምንለው ባለ ቀለም አበባ ቁጥቋጦም መርዛም ነው፣ ከአጥርሽ ንቀዪው። ከሁሉ በላይ ግን ፌስታል። ለበዓል የታረደ ሙክት ጨጓራ ሲከፈት አይቻለሁ። የተድበለበለ ፌስታል፣ ከገመድ ክርና ከፀጉር ጋር ተጣብቆ ሁለት እጅ የሚሞላ። ያ ፍየል ሲበላ ኖሮ ግን የማይወፍር ነበር፣ ባለቤቱ ትል ነው ብሎ መድኃኒት ሲሰጠው ከርሟል። ግቢውን በየጠዋቱ ልቀሚ። ጨው የነካው ወይም ምግብ የያዘ ፌስታል ካገኙ ይውጡታል።

ስለ ጤና ዋናው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ መሆንሽ ዕድለኛ ያደርግሻል፣ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም እዚያው ስለሆነ ክትባቱ የሚመረተው በከተማሽ ነው። ስርጭቱ ግን በመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በኩል ስለሆነ ወደዚያ ሂጂ። የፍየልና የበግ ደስታ መሰል በሽታንና የፍየል ሳንባ በሽታን አስከትቢ። የመጀመሪያው ዓይንና አፍንጫ ያስለቅሳል፣ አፍ ያቆስላል፣ ያስቀምጣል። ሁለተኛው በሳልና በቁና ቁና ትንፋሽ ይታወቃል። ሁለቱም መንጋ ይፈጃሉ። የሳንባው ክትባት በየዓመቱ ይደገማል።

ትልን በተመለከተ በደመ ነፍስ መድኃኒት አትስጪ። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ዝቅ አድርገሽ ውስጡን እዪ። ቀይ ወይም ደመቅ ያለ ሮዝ ከሆነ ደህና ናት። ነጣ ካለ ደም አንሷታል፣ የጨጓራ ትል ሊሆን ይችላል። በክረምትና ከክረምት በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እዪ። መድኃኒቱ በክብደት ነው፣ ስለዚህ ለሐኪሙ ክብደቷን ንገሪው። ካረገዘችም ንገሪው፣ አልቤንዳዞል በመጀመሪያው የእርግዝና ወር አይሰጥም። ለጤነኞቹም እየደጋገሙ መስጠት ትሉን ያለማምደዋል። ኮቴውን ሲረዝም በስለታም ቢላ ቁረጪው።

እርግዝናው አምስት ወር ነው። ግልገሉ እንደተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገሩን ይጥባ። እትብቱን አዮዲን ንከሪው። የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅሽ አትንኪ። ወተቱን ደግሞ ሳታፈዪ ለልጆች አትስጪ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በእነዚህ መንገዶች ነው፣ ጤነኛ የምትመስል ፍየልም ልትይዘው ትችላለች።

ወጠጤውን ግን አሁን አትግዢ። ሽታው በ300 ካሬ ግቢ ውስጥ ከጎረቤት ያጣላሻል፣ አጥር የሚሰብረውም በብዛት እሱ ነው። ሴቶቹ ሲፈልጉ ከጎረቤት ወጠጤ ታስጠቂያቸዋለሽ። ለሴቶቹ ሁለት ማሰብሽ ትክክል ነው፣ ብቻዋን የሆነች ፍየል ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ትውላለች። ስትገዢ ከገበያ ይልቅ ከአርቢ ደጅ መግዛት ይሻላል፣ ምን ስትበላ እንደኖረች ጠይቀሽ ለሳምንት ያህል እሱኑ እየቀላቀልሽ ታለማምጃታለሽ። ሁለቱን ከተለያየ ቦታ ካመጣሻቸው ሦስት ሳምንት ለየብቻ አቆዪያቸው፣ አብረውም አይጠጡ። የአጣናውን ዋጋ እዚያ ሰፈር ስትጠይቂ እዚሁ ጻፊልን፣ ሌሎችም እየጠየቁ ነው።