የበቅሎ 63 ክሮሞዞሞች

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸና አካባቢ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ልጄ ሰው 46፣ ድንች ደግሞ 48 ክሮሞዞም እንዳላቸው ተምሮ መጥቶ «ድንች ከሰው ይበልጣል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በቅሎ የማትወልደውም በዚሁ ቁጥር ምክንያት ነው ሲባል እሰማለሁ። የክሮሞዞም ቁጥር ከፍጥረት ፍጥረት ስለ ምን እንደሚለያይ ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ ክሮሞዞም በሕዋስ ኒውክሊየስ ውስጥ ያለ፣ የዘር መረጃ የሚይዘው ዲኤንኤ ከፕሮቲን ጋር ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት አካል ነው። ቁጥሩ የሚነግረን መረጃው በስንት ተከፍሎ እንደተቀመጠ እንጂ የመረጃውን ብዛትም ሆነ የፍጥረቱን ደረጃ ስላልሆነ፣ ለልጅዎ ያለ ጥርጥር «አይበልጥም» ብለው ሊመልሱለት ይችላሉ። ቺምፓንዚም እንደ ድንች 48 አለው። በአውስትራሊያ የምትገኝ አንዲት የጉንዳን ዝርያ ሴቷ 2፣ ወንዱ 1 ብቻ ሲኖራቸው፣ ከፈርን ወገን የሆነ አንድ ትንሽ ተክል ከ1,200 በላይ አለው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ሙንትጃክ የሚባለው የእስያ አጋዘን ነው፤ የቻይናው ዝርያ 46 ሲኖረው፣ በመልክ እጅግ የሚመስለው የሕንዱ ዝርያ ሴቷ 6፣ ወንዱ 7 ብቻ አላቸው። በረጅም ዘመን ውስጥ ብዙ ትንንሽ ክሮሞዞሞች እየተጣበቁ ጥቂት ትልልቅ ሆኑ እንጂ፣ የያዙት ዘረመል በአብዛኛው ያው ነው።

ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ዘር በሚተላለፍበት ጊዜ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። «በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል፤ ከባዝራዋ 32፣ ከወንዱ አህያ 31 ተቀብላ 63 ይዛ ትወለዳለች። ለራሷ ዕድገትና ጉልበት የሁለቱም ወላጆች መረጃ የተሟላ ስለሆነ፣ የጮቄን ዳገት ጭነት ተሸክማ ለመውጣት ምንም አይጎድላትም። ችግሩ የሚመጣው የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ወቅት ነው፤ በዚያን ጊዜ ከእናት የመጣው እያንዳንዱ ክሮሞዞም ከአባት የመጣውን አቻውን አግኝቶ ጎን ለጎን መሰለፍ፣ ከዚያም መለያየት አለበት። የፈረስና የአህያ ክሮሞዞሞች በቁጥር ብቻ ሳይሆን በውስጥ አደረጃጀታቸውም ስለሚለያዩ በሚገባ መጣመር ያቅታቸዋል፤ ሥራውም ሳይፈጸም መንገድ ላይ ይቋረጣል።

እዚህ ላይ በቅሎ የመከነችው 63 ጎደሎ ቁጥር ስለሆነ ብቻ ነው የሚለው ማብራሪያ በቂ እንዳልሆነ ማስገንዘብ እንወዳለን። የሞንጎልያው የዱር ፈረስ 66 ክሮሞዞም አለው፤ ከቤት ፈረስ ጋር ሲዳቀል የሚወለደው ውርንጭላ 65 ይዞ ሳለ ራሱ ይወልዳል። ዋናው ልዩነት በዱሩ ፈረስ ተለያይተው ያሉት ሁለት ክሮሞዞሞች በቤቱ ፈረስ አንድ ሆነው መገኘታቸው ስለሆነ፣ ሦስቱ ተስማምተው ይሰለፋሉ። በቅሎም ብትሆን እጅግ አልፎ አልፎ የወለደችበት አጋጣሚ ተመዝግቧል።

ዕፅዋት ደግሞ አጥቢ እንስሳት የማይችሉት መውጫ አላቸው። በአጥቢዎች ክሮሞዞም ሁሉ እጥፍ ቢሆን ፅንሱ አያድግም፤ ዕፅዋት ግን በአብዛኛው ይችሉታል፤ ከተለያዩ ወላጆች የተገኘው ዲቃላ ክሮሞዞሞቹ እጥፍ ሲሆኑ፣ አቻ አጥቶ የነበረው ሁሉ የገዛ ቅጂውን አቻ አድርጎ ያገኛል። በማሳችን ያለው እህል ብዙው እንዲህ የተገኘ ነው። መኮረኒ የሚሠራበት ስንዴ 28 ክሮሞዞም አለው፤ ይህን የመሰለ ስንዴ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት 14 ካለው የዱር ሣር ጋር ተዳቅሎ፣ ከእያንዳንዱ ግማሹን ማለትም 14ና 7 ወስዶ 21 ሆነ፤ 21ዱ እጥፍ ሲሆን ባለ 42 የዳቦ ስንዴ ተገኘ። የጤፍ 40ም ሆነ የዘጌ ቡና 44 የሁለት ቀደምት ዝርያዎች ድምር ነው።

ኮልቺሲን የሚባለው ከዕፅ የሚወጣ ንጥረ ነገር ክሮሞዞምን እጥፍ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1937 ከተገለጸ በኋላ፣ አዳቃዮች ይህንኑ በእጃቸው መሥራት ጀመሩ። ዛሬ በአማራ ክልል ደጋማ ቦታዎች የሚዘራው ትሪቲካሌ ከባለ 28ቱ ስንዴና 14 ካለው፣ ራይ ከሚባል የስንዴ ዘመድ እህል የተዳቀለ ሲሆን፣ 21 ክሮሞዞም ይዞ መካን የነበረው ዲቃላ ፍሬ መስጠት የቻለው ወደ 42 ከፍ ከተደረገ በኋላ ነው።