መልስ፦ ስለ ሩሲያ ብዙ ሰው የማያውቀው

«ሩሲያ ትልቅና ብርዳም ከመሆኗ ሌላ ምን የማናውቀው ነገር አላት?» ላልከው፣ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የአላስካ ነገር ነው። ለአሜሪካ የሸጠችው በ1867 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዋጋው 7.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የክራይሚያ ጦርነት ካዝናዋን አራቁቶታል፤ እንግሊዝ ከካናዳ በኩል መጥታ በነፃ ከምትወስድብኝ ልሽጠው ማለቷ ነው።

ይሄን እንኳ ብዙ ሰው ሰምቶታል። ያልተወራለት የቀኑ ጉዳይ ነው። አላስካ ለአሜሪካ ስትተላለፍ ነዋሪዋ አርብ ኦክቶበር 6 ተኝቶ ሲነሳ ቀኑ እንደገና አርብ ሆኖ ጠበቀው፣ ግን ኦክቶበር 18! ሩሲያ በጁልያን አቆጣጠር (ያኔ አሜሪካ ከምትጠቀምበት በ12 ቀን ወደ ኋላ በቀረው በድሮው የአውሮፓ አቆጣጠር) ትሄድ ስለነበር (ቤተ ክርስቲያኗ እስካሁን አለቀቀችውም፣ ገናዋ ከእኛ ጋር የሚውለው ለዚህ ነው) 12 ቀን ተዘለለ። የቀን መለያው መስመር (ሲሻገሩት ቀኑ በአንድ የሚለወጥበት ምናባዊ መስመር) ደግሞ ከአላስካ ምሥራቅ ወደ ምዕራቧ ስለዞረ አንዷ አርብ ተደገመች።

መስመሩ ዛሬ በሩሲያና በአላስካ መካከል ባሉት በሁለቱ የዲዮሜድ ደሴቶች መሃል ያልፋል። ትልቁ የሩሲያ፣ ትንሹ የአሜሪካ ነው። ርቀታቸው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ እንኳ አይሞላም። ከትንሹ ደሴት ቅዳሜ ጠዋት ቆመህ ስታይ ማዶ እሑድ ነው።

ካሊኒንግራድንም ካርታ ላይ ፈልጋት። በፖላንድና በሊቱዌኒያ መሃል ተነጥላ የተቀመጠች የሩሲያ ግዛት ናት፤ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የጀርመን ነበረች።