ድንጋዩን በመዶሻ ልምታው ወይ ላልከኝ

ልጆቼ፣

ውስጡ የጥንት ፍጥረት ቅሪት ያለበትን ድንጋይ ለመክፈት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ እያበረድንና እያቀለጥን በራሱ እስኪሰነጠቅ እንጠብቃለን። ከእናንተ አንዱ ሰሞኑን «ድንጋዬ አሥራ ሁለት ጊዜ በርዶ ቀልጧል፤ አልከፈት አለኝ፣ በመዶሻ ልምታው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከአእምሮዬ ያልወጣ አንድ ድንጋይ አስታወሰኝ።

ድንጋዩ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በማዞን ክሪክ አካባቢ፣ ፒት 11 ከሚባለው የቀድሞ የከሰል ድንጋይ ማውጫ የተነሣ ነበር። መዳፍ የሚያህል፣ ሞላላ፣ ጠርዙ የሳሳ፣ ላዩ ዝገት የመሰለ ቀይ። ጥቂት ቀን ብቻ ተዘፍዝፎ አራት ጊዜ ከበረደ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና መሃሉን መታሁት። የዛሬ 309 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጭቃ በድንገት የቀበረው አካል ሲበሰብስ የወጣው ካርቦኔት፣ ውሃው ውስጥ ከነበረው ብረት ጋር ተዋሕዶ ሲደራይት የተባለ ማዕድን ሆነና በዙሪያው ጠነከረ። ድንጋዩ በቀላሉ የሚላቀቀው አካሉ በተኛበት ንጣፍ ነው፤ የዚያ ንጣፍ መስመር የሚወጣው ደግሞ በጠርዙ ዙሪያ ነው። በሰፊው ፊት ላይ ያረፈ ምት ንጣፉን አቋርጦ ይሰብራል። የእኔም አራት ቦታ ሆነ። በአንዱ ስባሪ ላይ አግድም የተኛ ቀጭን ዘንግ፣ በሁለቱም ጫፎቹ ጥቁር ነጥብ ታየ፦ የቱሊ ጭራቅ የተባለው ጥንታዊ የባሕር እንስሳ ዓይኖች። ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ረጅሙ አፍ የነበረበት ወገን ግን ተፈረካክሶ ከብናኙ ጋር ተጠርጎ ሄደ።

ስሙ የተወሰደለት ፍራንሲስ ቱሊ ሙያው ያልሆነ ሰብሳቢ ነበር፤ ያገኘውን ቺካጎ ወዳለው ፊልድ ሙዚየም ወሰደው፤ እንስሳው በ1966 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም አገኘ። በ2016 የዓይኑን የቀለም ቅንጣቶች የመረመሩ ባለሙያዎች አከርካሪ አለው አሉ፤ በ2023 ቅርጹን በሦስት አውታር (3D) የለኩት ሌሎች ደግሞ የለውም አሉ። ክርክሩ እንዲህ ባለበት ሙሉ ናሙና ማበላሸት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከየትኛው ክምር እንዳነሣሁት እንኳ አልጻፍሁም። ፒት 11 በአብዛኛው የባሕር እንስሳት ይሰጣል፤ ሌሎቹ ጉድጓዶች የፈርን ቅጠልና ጨዋማ ባልሆነ ውሃ የሚኖሩ ፍጥረታት። ቦታው ያልተጻፈለት ድንጋይ ይህን ሁሉ ያጣል።

ስለዚህ ወደ ባልዲው። መጀመሪያ ሳምንታት ይዘፍዘፍ፤ ውሃ ያልገባበትን ድንጋይ ማቀዝቀዣ አይከፍተውም። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሥራውን የሚሠራው ይህ ነው። ድንጋዩን ውሃ በሸፈነው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ ብርጭቆ ይፈነዳል። ሌሊቱን ይብረድ፣ ቀን በክፍሉ ሙቀት ይቅለጥ። ሙቅ ውሃ አፍስሶ ማፍጠን እንደ መዶሻው ነው፤ በተሳሳተ አቅጣጫ ይሰነጥቀዋል። አንዳንዱ በሦስተኛው፣ አንዳንዱ በሠላሳኛው ዙር ይከፈታል። በቀለጠ ቁጥር ጠርዙን መርምሩት፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካያችሁ አውጡት፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር በረዶ የቅሪቱን ገጽ ይልጠዋል።

ሰፊውን ፊቱን መዶሻ አይንካው፤ ግን ስንጥቁ ዙሪያውን ከከበበው በትንሽ መዶሻ ጠርዙን ቀስ አድርጎ መንካት ይቻላል። ድንጋዩን በጎኑ አቁሙት፤ እየዞራችሁ ንኩት።

የዛሬ ልጆች ዓይናችሁ ከእኛ የተሳለ ነው። የማይገባኝ ግን አንዱን ግማሽ ፎቶ አንሥታችሁ ሌላውን መጣላችሁ ነው። ሁለቱም ግማሾች የአንድ ፍጥረት ገጾች ናቸው፤ አንዱ ላይ የሌለው እግር ወይም የቅጠል ሥር ሌላው ላይ ይገኛል። እንክብል የምትመስለውን ደብዛዛ ምልክትም «ባዶ» ብላችሁ አትወርውሯት፤ ኤሴክሴላ ትሆናለች። ለብዙ ዓመታት ጄሊፊሽ ስትባል ኖራ በ2023 የባሕር አኒሞን (አበባ የምትመስል የባሕር እንስሳ) ናት የተባለው እንዲህ የተናቁ ድንጋዮች ተጠብቀው ስለቆዩ ነው።

አንተ የጠየቅኸኝ፣ የአንተ ገና አሥራ ሁለት ዙር ነው። ቁጥሩንና ያነሣህበትን ቦታ በእርሳስ ጻፍበትና መልሰህ ዘፍዝፈው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ቦታ ከጠበበህ ባልዲውን በብርዱ ወራት ውጭ ተወው፤ የኢሊኖይ ብርድ ያለ ክፍያ ይሠራልሃል። ፒት 11 ባለበት በማዞኒያ የተፈጥሮ ሥፍራ የድንጋይ መሰብሰቢያ ወቅት መጋቢት 1 እ.ኤ.አ. እስኪከፈት ድረስ ሊከፈት ይችላል፤ ካልተከፈተም አዲስ ከምታመጣቸው ጋር አብሮ ይቀጥላል።