የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ካንትሪ ዘፋኟ ሎሬታ ሊን ፊልም

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበናል። አብዛኞቹ «ኮል ማይነርስ ዶተር» ስለተሰኘው የ1980 የአሜሪካ ፊልም ናቸው። ፊልሙ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ የነበረችውን የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ዘፋኟን የሎሬታ ሊንን ሕይወት ይተርካል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ ልጅቷ በ13 ዓመቷ እንዳገባች ያሳያል። 15 ነው የሚሉም አሉ። የቱ ነው ትክክል? (ከመሐል ሜዳ)

15 ነው። ሎሬታ ሊን ኬንተኪ ውስጥ ቡቸር ሆሎው በምትባል ተራራማ መንደር ኤፕሪል 14 ቀን 1932 ተወለደች፤ ያገባችው ጃንዋሪ 10 ቀን 1948 ነው። 16 ሊሞላት ሦስት ወር ገደማ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። ባሏ ዱሊትል ያኔ 21 ዓመቱ ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ ከኪሳቸው አላወጡትም። በ1976 በወጣው የሕይወት ታሪኳ 13 ያለችው ራሷ ናት፤ ፊልሙም የተቀዳው ከዚያው መጽሐፍ ነው። የልደት መዝገቡ ተገኝቶ ነገሩ የጠራው በ2012 ነው።

15ም ቢሆን ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው፤ በእኛ ሕግ ዝቅተኛው 18 ነው። ፊልሙ የሠርጉን ምሽትና ባልየው እጁን የሚያነሳበትን ነገር አይሸሽግም። ስለዚህ ለተማሪዎች ሊያሳዩ ያሰቡ መምህራን አስቀድመው ብቻቸውን ይዩት። እኛ ከስምንተኛ ክፍል በታች ላሉ አንመክርም።

ዋናዋ ተዋናይት በእርግጥ ራሷ ናት የምትዘፍነው? ወይስ ከንፈሯን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው? (ከሸዋ ሮቢት)

ራሷ ናት። ሲሲ ስፔሴክ ከሎሬታ ጋር ተቀምጣ አነጋገሯን እያጠናች ቆይታ ዘፈኖቹን ሁሉ በገዛ ድምፅዋ ተጫውታለች። ሌላዋን የካንትሪ ዘፋኝ ፓትሲ ክላይንን የሆነችው ቤቨርሊ ዳንጄሎም እንዲሁ። ሙዚቃውን ያዘጋጀው ኦወን ብራድሊ ነው፤ ለሁለቱ እውነተኛ ዘፋኞችም ሸክላቸውን ያዘጋጅ የነበረው እሱው ነው።

ልዩነቱን በጆሮዎ ማረጋገጥ ከፈለጉ ስለ ፓትሲ ክላይን በ1985 የተሠራውን «ስዊት ድሪምስ»ን ጎን ለጎን ይዩ። እዚያ ጄሲካ ላንጅ የምትከተለው የሟቿን ዘፋኝ ቅጂ ነው። ድምፁ የፓትሲ ስለሆነ እንከን አይወጣለትም፤ ችግሩ ተዋናይቷ ስትናገርና ስትዘፍን ሁለት ሰው መምሰሏ ነው። ስፔሴክ ግን የተራራውን አነጋገር ይዛው ወደ ዘፈኑ ትገባለች። ባሏ ቀለበት ስትጠብቅ ጊታር የሚሰጣት ትዕይንት አለ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ድምፅዋ ቀጭንና ፈሪ ነው፤ የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ በሆነችው ናሽቪል መድረክ ላይ ስትደርስ ደረቷን ከፍታ ታወጣዋለች። በተውሶ ድምፅ ይህን ደረጃ በደረጃ ማሳየት አይቻልም። ፊልሙ ለሰባት ኦስካር ታጭቶ ያሸነፈው አንድ፣ የስፔሴክን፣ መሆኑ አይደንቅም። አባትየውን ሆኖ የሚጫወተው ሊቨን ሄልም ደግሞ «ዘ ባንድ» የተባለው የሙዚቃ ቡድን ከበሮ መቺ ነበር፤ ተዋናይ ሆኖ ሲሠራ የመጀመሪያው ቢሆንም ልብ ይነካል።

በወጣት ማዕከላችን አዳራሽ ልናሳየው የአማርኛ ሰብታይትል ሠርተን ነበር። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን፣ ሌላው ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ያሳያል። በትክክል የወጣበት ላይም እየቆየ ከንግግሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ፕሮጀክተሩ ደግሞ በየመሐሉ ይጠፋል። (ከደብረ ብርሃን)

ሳጥኑና የጥያቄ ምልክቱ አንድ ችግር አይደሉም። ሳጥን ካዩ ፋይሉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፊደል የሚያውቅ ፎንት ነው። በቪኤልሲ ማጫወቻ ምርጫዎች ውስጥ ወደ ሰብታይትል ክፍል ገብታችሁ ፎንቱን ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርጉና ዘግታችሁ ክፈቱት። የጥያቄ ምልክት ካዩ ግን ፋይሉ ሲቀመጥ «አንሲ» በሚባለው አመዘጋገብ ተቀምጧል፤ ፊደሉ ያኔውኑ ጠፍቷልና ፎንት ቢቀይሩለት አይመለስም። ከመጀመሪያው ቅጂ ተነስታችሁ ኖትፓድ ላይ «ሴቭ አዝ» ስትሉ «ዩቲኤፍ-8»ን ምረጡ።

መዘግየቱን በተመለከተ መጀመሪያ ላይ፣ በአንደኛው ሰዓትና መጨረሻ ላይ ለኩት። ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ቀላል ነው፦ ቪኤልሲ ላይ የ«ጂ» ቁልፍ በተጫናችሁት ቁጥር ጽሑፉን በ50 ሚሊ ሴኮንድ ያስቀድመዋል፤ «ኤች» ያዘገየዋል። እንደ ጻፋችሁልን እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን የፍሬም ፍጥነት (በሴኮንድ የሚያልፉት ምስሎች ብዛት) ጉዳይ ነው። ሰብታይትሉ የተሠራው በሴኮንድ 23.976 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው ፊልም በ25 ይሮጣል። ልዩነቱ 4 በመቶ ያህል ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ በሚረዝም ፊልም መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ቁልፍ መጫን አያድነውም። «ሰብታይትል ኤዲት» በተባለው ነፃ ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነቱን ከ23.976 ወደ 25 ቀይራችሁ በአዲስ ስም አስቀምጡት።

ስለ ትርጉሙ ሳትጠይቁን አንድ ነገር እንጨምር። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አታውጡ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አንብቦ አይጨርስም። ዘፈኖቹን ስንኝ በስንኝ አትተርጉሙ። ዘፈኑ ሲጀምር ስለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ነግራችሁ ዝም በሉ፤ ተመልካቹ ፊቷን ይይ።

ፕሮጀክተሩን የሚያጠፋው የከተማችሁ ከፍታ ይመስለናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ በተለመደው ፍጥነት አምፖሉን አያቀዘቅዘውም፤ ሙቀቱ ሲያልፍ መሣሪያው ራሱን ይዘጋል። ብርዱ አያታልላችሁ፤ ውጭው ቢበርድም ውስጡ ይጋላል። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚል ማስተካከያ አላቸው። ከፋብሪካ ሲመጣ ዝግ ነው፤ ሜኑው ውስጥ ፈልጋችሁ አብሩት። ፋኑ በኃይል መጮህ ይጀምራል፣ እሱ ጤና ነው፤ ስፒከሮቹን ግን ከፕሮጀክተሩ አርቃችሁ ከስክሪኑ ግራና ቀኝ አቁሙ። ይህም ካላቆመው የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ አቧራውን አራግፉ። መብራት ድንገት ከሄደ ሲመለስ ወዲያው አታብሩት፤ አምፖሉ 10 ደቂቃ ያህል ይብረድ።

ለቤት የተገዛ ዲስክ በአዳራሽ የማሳየት መብት እንደማይሰጥም አስታውሱ። ፈቃድ የሚጠየቀው ከባለመብቱ ነው።

የካንትሪ ዘፈን በክራር ይወጣል? (ከአንኮበር)

ዜማው ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ አጃቢው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ነው የሚያስቸግረው። በሜጀር ትዝታ የተቃኘ ክራር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሰጥዎታል፤ ብዙ የካንትሪ ዜማም በነዚሁ አምስት ድምፆች ላይ ነው የሚመላለሰው። አጃቢው ጊታር ግን ሦስት ኮርድ ይፈልጋል፦ ዶ-ሚ-ሶል፣ ፋ-ላ-ዶ፣ ሶል-ሲ-ሬ። ፋ እና ሲ ክራርዎ ላይ የሉም። የመጀመሪያው ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው መሠረቱን፣ ሦስተኛው መሐሉን ያጣል።

ባለ ስድስት ክር ከሆነ አንድ መላ አለ። ስድስተኛው ክር አብዛኛውን ጊዜ ዶን ከላይ የሚደግም ነው፤ ግማሽ ድምፅ አላልተው ሲ ያድርጉት። ሶል-ሲ-ሬ ሞላልዎት። የላላ ክር ቶሎ ስለማይረጋ ጥቂት ደርድረው እንደገና ይቃኙት። ፋን ለማግኘት ሚን ማክረር ይቻላል፣ ግን ያኔ ዋናው ኮርድ ይፈርሳል፤ ይተዉት። በሁለት ኮርድ ብቻ የሚሄዱ ዘፈኖች አሉ፣ ከነሱ ይጀምሩ።

ከዚህ በኋላ የትኛውን እንይ? (ከደብረ ሲና)

ዝግ ያለ ፊልም ከወደዱ የ1983ቱን «ቴንደር መርሲስ»ን። ሮበርት ዱቫል የሆነው ዘፋኝ በታሪክ የነበረ ሰው አይደለም፤ ዘፈኑ ግን የራሱ የዱቫል ድምፅ ነው፣ ትወናውም ኦስካር አስገኝቶለታል። መድረክና ጭብጨባ ከፈለጉ በ2005 ስለ ዘፋኙ ጆኒ ካሽ የተሠራው «ዎክ ዘ ላይን» ይሻላል። ዋኪን ፊኒክስና ሪስ ዊዘርስፑንም ራሳቸው ነው የዘፈኑት። በእኛ ሚዛን የመጀመሪያው ይበልጣል፤ ወጣቶች የሞሉበት አዳራሽ ግን ሁለተኛውን ይመርጣል።